ከቤቱ በፊት የመንገዱ ወሰን
(በተበላ ለከተማ ፕላንና ለመሬት ባለሙያዎች በተዘጋጀ ስልጠና ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር)

ከሶዶ፣ ከአረካ፣ ከቦዲቲና ከበዴሳ የመጣችሁ ቀያሾች፣ መሐንዲሶችና የመሬት ባለሙያዎች፦

ስልጠናው ሶዶ ላይ ሳይሆን እዚህ ተበላ እንዲካሄድ የጠየቅነው ሆን ብለን ነው። ስለ ከተማ ሲነሳ ዓይናችን ቶሎ ወደ ትልቁ ይሄዳል። የትልቁን ፕላን አምጥተን ትንሹ ላይ እንዘረጋና ለምን አልሠራም ብለን እንገረማለን። የወላይታ ከተሞች ጎረቤታሞች ናቸው። ሕዝባቸው አንድ ነው፤ የሚተዳደሩትም በአንድ ሕግ ነው። የሚያድጉበት ምክንያት ግን የየራሳቸው ነው። ቦዲቲን የያዛት ወደ ሀላባና ወደ ሻሸመኔ የሚወስደው መንገድና ገበያዋ ነው። አረካ በሆሳዕና መስመር ላይ ነች፤ የግብርና ምርምር ማዕከሉም እዚያ አለ። ተበላ ደግሞ የአርባ ምንጭ አስፋልት ዳር የተቀመጠች የሁምቦ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከበስተኋላዋ የአበላ ቆላ አለ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ትልልቆቹ ዋዱ እያሉ የሚያስታውሱት፣ መሬት የጠበባቸውን የደጋ ገበሬዎች ካሰፈረባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው አበላ ነበር። ሰው ሲሰፍር መንገድ ይከተላል፣ ገበያ ይቆማል። የከተማ ልደት ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

ሶዶ ግን የተለየች ናት። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ሶዶ 76 ሺህ ያህል ነዋሪ ነበራት። የወላይታ ዞን በጠቅላላው 1.5 ሚሊዮን ሕዝብ ይዞ በከተማ የሚኖረው ከመቶ 12 አይሞላም ነበር። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ ሥራ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። በ2015 ዓ.ም. ሕዝበ ውሳኔ ተካሂዶ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሶዶ የርእሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ሆነች። መሥሪያ ቤት ሲመጣ ሠራተኛ ይመጣል፣ ሠራተኛው ቤት ይፈልጋል። በየግቢው ጓሮ ሰርቪስ ቤት ይቀጠላል፣ ኪራይ ይንራል፣ አቅም ያነሰው ደግሞ ወደ ዳር ይገፋል። ያ ዳር ነገ የት ይደርሳል? ወደዚህ፣ ወደ ተበላ አቅጣጫም ይመጣል። ከሶዶ እስከዚህ ያለው መንገድ አጭር ነው። የሶዶን ኪራይ ያልቻለ ወጣት መምህር እዚህ ቤት ይዞ ጠዋት በሚኒባስ ሊመላለስ ይችላል። እንግዲህ የሶዶ የቤት ችግር የተበላ የትራንስፖርት ጥያቄ ሆነ ማለት ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ጉዳይ አይደለም። በሰሜን እንግሊዝ ማንቸስተርና ሊድስ የሚባሉ ሁለት ከተሞች አሉ። በመካከላቸው ያለው ርቀት ከሶዶ እስከ አርባ ምንጭ ካለው ያንሳል። ሁለቱም በጨርቃ ጨርቅ የከበሩ፣ ፋብሪካ ሲዘጋም አብረው የተጎዱ ናቸው። ማንቸስተር እ.ኤ.አ. በ1992 አሮጌ የባቡር ሐዲዶችን ከከተማው ጎዳና ጋር አገናኝታ ትራም አስጀመረች፤ መስመሩም ከዚያ ወዲህ እየረዘመ ሄዷል። የሊድስ የትራም ዕቅድ በ2005 በማዕከላዊው መንግሥት ተሰረዘ። በምትኩ የቀረበው የኤሌክትሪክ አውቶቡስ ዕቅድም በ2016 ውድቅ ሆነ። ልዩነቱ ብዙ ምክንያት አለው፤ ለእኔ ግን አንዱ ከሌሎቹ ይከብዳል። የማንቸስተር አካባቢ አሥር ማዘጋጃ ቤቶች የጋራ ምክር ቤታቸው በ1986 ሲፈርስባቸው አልተበተኑም። በፈቃዳቸው ማኅበር መሥርተው አብረው ማቀድ ቀጠሉ። በ2011 ያ ኅብረት በሕግ የታወቀ የጋራ አስተዳደር ሆነ። በዚያው በ1986 የአውቶቡስ መስመር ለገበያ ተለቅቆ ኩባንያዎች የሚያዋጣቸውን ብቻ ይመርጡ ነበር፤ ስምሪቱንና ታሪፉን ወደ ሕዝብ እጅ የመመለሱን ሥራ ማዘጋጃ ቤቶቹ ያጠናቀቁት ገና በ2025 መጀመሪያ ላይ ነው። ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋ ጊዜ ማለት ነው። የተለቀቀን ነገር መልሶ መያዝ ይህን ያህል ይፈጃል።

ሊቨርፑልን ደግሞ ለሌላ ነገር አነሳታለሁ። እ.ኤ.አ. በ1931 ከ840 ሺህ በላይ ነዋሪ የነበራት ወደብ በ2001 ወደ 440 ሺህ ወርዳ ነበር። ከተማ ሁልጊዜ አያድግም። ያደገበት ምክንያት ሲነጥፍ ቤቱ ባዶ ይቀራል። ስለዚህ «ከተማችን ምን ያህል ያድጋል?» ከማለታችን በፊት «በምን ያድጋል?» እንበል።

ወደ አገራችን ልመለስ። አዲስ አበባ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የኮንዶሚኒየም ቤቶች ሠርታለች፤ ትልቅ ሥራ ነው፣ ብዙ ቤተሰብ ከኪራይ አውጥቷል። በ2008 ዓ.ም. መጀመሪያ የ34 ኪሎ ሜትር ቀላል ባቡር ሥራ ጀመረ፤ ይህም ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ባቡሩ በምሥራቅ አያት፣ በደቡብ ቃሊቲ ላይ ያበቃል። የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ ከዚያ ወዲያ ናቸው። ቤቱና ባቡሩ አልተገናኙም። በንጋት ተሰልፎ የሚጠብቀው ነዋሪ የሚከፍለው የዚህን ክፍተት ዋጋ ነው። ይህን እያየን በትንንሾቹ ከተሞች ብንደግመው ይቅርታ የሚያሰጥ ምክንያት አይኖረንም።

ስለዚህ በዚህ ስልጠና ደጋግሜ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፦ ከሽንሸና በፊት የመንገድ ወሰን ይያዝ። ዋናው መንገድ፣ የሚኒባስና የባጃጅ መቆሚያው፣ የመናኸሪያው ቦታ፣ የጎርፍ መውረጃው መጀመሪያ በካስማ ይለይ፤ ካሬ ማደል ከዚያ በኋላ ይምጣ። ባዶ መሬት ላይ ካስማ መትከል የአንድ ቀን ሥራ ነው። ቤት ከተሠራ በኋላ ግን ካሳ አለ፣ ክርክር አለ፣ የሚፈርስ ጎጆ አለ፣ የሚያለቅስ ቤተሰብ አለ። የጨረቃ ቤት በቀለ እያልን እናማርራለን። ሰው ሌሊት የሚሠራው ሕጋዊው በር ስለጠበበበት ጭምር መሆኑን ግን አንርሳ።

በዳር ያለው ገበሬም ከፕላኑ ውጪ የሚቆም ሰው አይደለም። በወላይታ የቤተሰብ መሬት ጠባብ ነው። ጓሮው እንሰቱን፣ ቡናውን፣ ጎደሬውን ይዞ ቤተሰብ ያኖራል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለ ካሳና ስለ መልሶ ማቋቋም የሚለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኔ የምለምናችሁ መሬቱ ከመነካቱ በፊት ገበሬውን ካርታው ፊት አስቀምጣችሁ እንድታነጋግሩት ነው። ውሃው በየት እንደሚወርድ፣ ከብቱ በየት እንደሚያልፍ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ሁምቦ ለዚህ ምስክር አላት። ተራቁተው የነበሩ 2,728 ሄክታር የተራራ መሬቶች በገበሬው ማኅበራት ጥበቃ መልሰው ለመለሙ። ጉቶውን ከከብት ጠብቀው፣ ቅርንጫፉን መልምለው ደን አደረጉት። ከተራራ የሚወርደው ጎርፍ የሚያልፈው በከተሞቻችን በኩል መሆኑን ደግሞ የማዘጋጃ ቤት ሰው ሁሉ ሊያስብበት ይገባል።

የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 ከየከተማው ፕላን በላይ የክልል የከተማ ልማት ፕላን እንዲኖር ይጠይቃል። ያ እስኪደርስ እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥ። የሶዶና የተበላ ቀያሾች አንድ ካርታ ላይ ቢሠሩ የሚከለክል ሕግ የለም። የሶዶ ማስፋፊያና የተበላ ማስፋፊያ አንድ አስፋልት ዳር ዳሩን ይዘው ቢገናኙ፣ የአርባ ምንጭን ሙዝ የጫነው መኪና በገበያተኛ፣ በተማሪና በአህያ መካከል ያን ሁሉ ርቀት መጓዝ ይኖርበታል። የሚጎዳው ሾፌሩ ብቻ አይደለም፤ መንገድ የሚሻገረው ልጅ ነው።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ከአዳራሹ ወጥተን አስፋልቱን በእግር እንሄዳለን። በቡድን ተከፋፍላችሁ የመንገዱን ስፋት፣ አጥሩ የደረሰበትን፣ ባጃጆች የሚቆሙበትን፣ ቦዩ የተደፈነበትን ትለካላችሁ። አረካዎች የተበላን፣ ተበላዎች ነገ የሶዶን መግቢያ ይለካሉ፤ የራስን ከተማ ጉድለት የውጭ ዓይን ቀድሞ ያየዋልና። የለካችሁት በመጨረሻው ቀን በአንድ ካርታ ላይ ተሰፍሮ ለየከተሞቹ ከንቲባዎች ይሰጣል።

ስልጠናው መከፈቱን በዚሁ እገልጻለሁ። ሜትርና ካስማ በር ላይ ተዘጋጅቷል።