አንዲስ የከፈለው አህጉር



ስለ ደቡብ አሜሪካ በትምህርት ቤት የተማርነው በአብዛኛው ዝርዝር ነው፦ 12 ነጻ አገሮች፣ አንድ የፈረንሳይ ግዛት፣ ወደ 17.8 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት፣ አማዞን፣ ቡና፣ እግር ኳስ። ዝርዝሩ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን አንዱ ከሌላው ጋር በምን እንደሚያያዝ አይነግረንም። እኔ ዛሬ የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። በዚህ አህጉር ዝናቡ ለማን እንደደረሰ፣ ወንዙ ወዴት እንደፈሰሰ፣ ማዕድኑ የት እንደተከማቸ፣ ከዚያም አልፎ የትኛው አገር የባሕር በሩን እንዳጣ ለመረዳት የሚሻ ሰው ከአንዲስ ተራሮች መጀመር አለበት።

አንዲስ ከቬንዙዌላ ተነሥቶ እስከ አህጉሩ ደቡባዊ ጫፍ 7,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይዘረጋል፤ ሰባት አገሮችንም ያቋርጣል። ከፍተኛው ጫፍ፣ በአርጀንቲና የሚገኘው አኮንካጓ፣ 6,961 ሜትር ነው፤ ከእስያ ውጭ የሚበልጠው ተራራ የለም። ተራሮቹን ያቆማቸው በፓስፊክ ውቅያኖስ ሥር ያለው የምድር ቅርፊት ክፍል በአህጉሩ ሥር እየሰረገ መግባቱ ነው። ይህ እንቅስቃሴ ዛሬም አላባራም። እ.ኤ.አ. በ1960 በቺሊ ቫልዲቪያ የደረሰው፣ በመሣሪያ ከተመዘገቡት ሁሉ የበለጠው የመሬት መንቀጥቀጥ፣ መጠኑ 9.5 ነበር። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ተራራውን ያነሣው ያው ግፊት ከጥልቅ ምድር በወጣ ትኩስ ፈሳሽ አማካይነት መዳብና ብር በዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ እንዲከማች አድርጓል። የሚያናውጠውም የሚያበለጽገውም አንድ ኃይል ነው ማለት ነው።

ወደ ውኃው ልለፍ። ከአትላንቲክ የሚነሣው እርጥብ ነፋስ በአማዞን ጫካ ላይ እያለፈ፣ ደኑ ከሚተነፍሰው እንፋሎት ጋር እየተቀላቀለ ወደ ምዕራብ ይጓዛል። አንዲስ ላይ ሲደርስ ግን መሻገር ያቅተውና የያዘውን ሁሉ በምሥራቁ ተዳፋት ላይ ያራግፋል። አማዞን ራሱ የሚመነጨው ከፔሩ ተራሮች፣ ከፓስፊክ 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ ርቀት ላይ ነው። ሆኖም ለቅርቡ ባሕር ጀርባውን ሰጥቶ ወደ 6,400 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ የሚገባውም አትላንቲክ ነው። ተራሮቹ ከፍ ከማለታቸው በፊት የዚያ ምድር ውኃ በከፊል ወደ ምዕራብ ይፈስ እንደነበር የሥነ ምድር ሊቃውንት ያስረዳሉ። ዓባይ በርዝመት ከአማዞን ጋር ሊፎካከር ይችላል፤ በውኃ መጠን ግን ፉክክሩ የለም። ወንዞች ሁሉ ወደ ውቅያኖስ ከሚያስገቡት ውኃ አንድ አምስተኛው ያህል የአማዞን ብቻ ነው። እዚህ ላይ አፍሪካም ድርሻ አላት፦ በቻድ ከሚገኘው የቦዴሌ ረባዳ ምድር የሚነሣ አቧራ አትላንቲክን ተሻግሮ፣ ዝናብ አፈሩን ለሚያጥብበት ደን ፎስፈረስ ያደርሳል።

ከተራራው ወዲያ ማዶ ያለው ሌላ ዓለም ነው። የምሥራቁን ዝናብ አንዲስ ይከለክለዋል፤ በምዕራብ በኩል ደግሞ ሐምቦልት የሚባለው ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ጭጋግ እንጂ ዝናብ የሚሆን ደመና አያወጣም። በዚህ ምክንያት የአታካማ በረሃ ከምድራችን እጅግ ደረቅ ስፍራዎች አንዱ ሆነ። በአሪካ ከተማ የዓመቱ አማካይ ዝናብ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም።

ታዲያ ድርቀቱ ራሱ ሀብት አቆየ። በውኃ በቀላሉ የሚሟሟው የናይትሬት ጨው እንደ ልቡ የተከማቸው ዝናብ ስላላጠበው ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓ ናይትሬትን ለማዳበሪያም ለፈንጂም አጥብቃ ትፈልገው ነበር። ያን ጊዜ አንቶፋጋስታ የቦሊቪያ ወደብ ነበረች፤ በአካባቢው ናይትሬት የሚያወጣው ኩባንያ ግን የቺሊ ነበር። ቦሊቪያ በ1878 በእያንዳንዱ ኩንታል ላይ 10 ሳንቲም ቀረጥ ጣለች። በዓመቱ የቺሊ ጦር አንቶፋጋስታን ያዘ፤ ፔሩም በጦርነቱ ተጎተተች። ቦሊቪያ ባሕሯን፣ ፔሩ ደግሞ የታራፓካን ግዛት አጡ። በ1904 የተፈረመው ውል ለቦሊቪያ በቺሊ ወደቦች የመተላለፍ መብት እንጂ ባሕር አልመለሰላትም። ቦሊቪያ ዛሬም የባሕር ኃይል አላት፤ መርከቦቿ በቲቲካካ ሐይቅ ላይ ይንሳፈፋሉ። በ2018 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ቺሊ ስለ ባሕር በር የመደራደር ግዴታ የለባትም ብሎ ወሰነ። የወደብ ጥያቄ ምን እንደሚመስል በዚህ አዳራሽ ላለ ሰው ማብራራት ስለማያስፈልግ እዚህ ላይ አቆማለሁ።

የጦርነቱ ምርኮስ ብዙ ቆየ? አልቆየም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ጀርመኖች ከአየር ናይትሮጅን አሞኒያ መሥራት ቻሉ፤ የበረሃው ናይትሬት ገበያም ወደቀ። ሠራተኞቹ የኖሩበት ሐምበርስቶን የተባለው ሰፈር ሰው አልባ ሆኖ የዓለም ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል። ቺሊን ያዳናት መዳቧ ነው፤ ዛሬም ከዓለም የመዳብ ምርት ሩቡ ያህል የእርሷ ነው።

የብሩ ታሪክ ከዚህ ይከፋል። በ1545 በፖቶሲ፣ ከባሕር ወለል ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ እስፓኞች የብር ተራራ አገኙ። ከ1570ዎቹ ጀምሮ ሚታ በተባለ የግዳጅ ሥራ የአገሬውን ሰው ወደ ዋሻው አስገቡት። ብሩ በአውሮፓ በኩልም፣ በማኒላ በኩልም ቻይና ድረስ ዘለቀ። ፖቶሲ ግን ዛሬ በአህጉሩ ከድኾቹ አንዷ በሆነችው በቦሊቪያ ትገኛለች፤ ተራራውንም ማዕድን ቆፋሪዎች እስካሁን ይቦረቡሩታል።

ስለ ምሥራቁ በአጭሩ ልናገር። ብራዚል የአህጉሩን ግማሽ ያህል ትይዛለች፤ የካራጃስ የብረት ማዕድንም፣ ከእኛ ምድር የተገኘው የአረቢካ ቡናም እዚያ ነው። በዓለም ከፍተኛ የተረጋገጠ የነዳጅ ክምችት ያላት ቬንዙዌላ ስትሆን፣ ክምችቱ በአብዛኛው ወፍራምና ለማውጣት አስቸጋሪ ነው። በኔ ግምት ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ኢታይፑ ነው፦ ብራዚልና ፓራጓይ በ1973 በተፈራረሙት ውል ፓራና ወንዝ ላይ የገነቡት 14,000 ሜጋ ዋት ግድብ። ኃይሉ ለሁለቱ እኩል ይከፈላል፤ ፓራጓይ የተረፋትን ለብራዚል ትሸጣለች። በዋጋው ላይ ለዓመታት ተጨቃጭቀዋል፤ ውሉ ግን አልፈረሰም።

አሁን ዓለም ወደ አንዲስ ዐይኑን የመለሰው በሊቲየም ምክንያት ነው። ቺሊና አርጀንቲና ከከፍታው የጨው ሜዳ ሥር ጨዋማ ውኃ እየሳቡ፣ ለወራት በፀሐይ እያስተነኑ ሊቲየም ያወጣሉ። በአካባቢው የሚኖሩት ነባር ሕዝቦች ግን የሚያሳስባቸው የውኃው መጉደል ነው። በኡዩኒ ከ10,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የጨው ሜዳ ያላት ቦሊቪያ፣ የአሜሪካ የሥነ ምድር ተቋም ግምት ከ20 ሚሊዮን ቶን በላይ ሊቲየም ቢሰጣትም፣ የምታመርተው ጥቂት ነው። ውኃው ማግኒዢየም ይበዛበታል፤ በዝናቡ ወቅትም ሜዳው ይጥለቀለቃል። ከቻይናና ከሩሲያ ኩባንያዎች ጋር የተፈረሙት ውሎች በምክር ቤቷ ብርቱ ክርክር አስነሥተዋል። ክርክሩ ተቋጭቶ ምርቱ ቢበዛ እንኳ፣ ከኡዩኒ ወደ ባሕር ከሚያወጡት ወደቦች መካከል አሪካና አንቶፋጋስታ ይገኛሉ፤ ሁለቱም የቺሊ ናቸው።