ሆድና አንጎል፤ የፓርኪንሰን ሕሙማንን በአጥቢያችን ስለ መርዳት

(በጌዴኦ ዞን በኮንጋ ለተሰበሰቡ ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



ዛሬ ብዙ ስለማይነገርለት አንድ ሕመም ልናገር ተነሥቻለሁ። መቋሚያውን ተደግፎ የቆመ አባት እጁ ያለ ሥራ ባረፈበት ሰዓት ይንቀጠቀጣል። እርምጃው ይዘገያል፣ ጽሕፈቱ ይጠብባል፣ በቅዳሴ የሚታወቀው ድምፁ ይቀንሳል፣ ፊቱም ፈገግታ ያጣል። ጎረቤት ይህን አይቶ እርጅና ነው ይላል፤ ሌላው መጠጥ፣ ሌላው ደግሞ መተት ነው ይላል። ሕመሙ ግን ፓርኪንሰን ሊሆን ይችላል። ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1817 ምልክቶቹን መዝግቦ ካሳተመው እንግሊዛዊ ሐኪም ከጄምስ ፓርኪንሰን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከሕመሙ ጋር እንደሚኖሩ ገምቷል።

የሕመሙ መነሻ የሰውነትን እንቅስቃሴ የሚያስተካክለውን ዶፓሚን የተባለ ንጥረ ነገር የሚያመነጩ የአንጎል ሴሎች ቀስ በቀስ መሞታቸው ነው። ነገር ግን ብዙ ሕሙማን እጃቸው ከመንቀጥቀጡ ከዓመታት በፊት በሆድ ድርቀት ይሠቃያሉ። ይህም ሊቃውንትን ወደ አንጀት እንዲመለከቱ አደረጋቸው።

በሕሙማኑ አንጎል ውስጥ ተጠቅልሎ የሚከማች አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን አለ። ይኸው ክምችት በአንጀት ነርቮች ውስጥም ተገኝቷል። ጀርመናዊው ሊቅ ሃይኮ ብራክ በ2003 እ.ኤ.አ. ሕመሙ በአንዳንድ ሰዎች ከሆድ ተነሥቶ አንጎልንና ሆድን በሚያገናኘው ቫገስ በተባለ ረጅም ነርቭ በኩል ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል የሚል ሐሳብ አቀረበ። በዴንማርክ በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናትም ለጨጓራ ቁስለት ሕክምና ይህ ነርቭ ሙሉ በሙሉ በተቆረጠባቸው ሰዎች ላይ ሕመሙ በመጠኑ አነስ ብሎ መታየቱን አመለከተ። በአንጀት የሚኖሩ ጥቃቅን ተሕዋስያንም በሕሙማን ዘንድ ከጤነኞች የተለዩ ሆነው ተገኝተዋል። ሆኖም የትኛው መንሥኤ የትኛው ውጤት እንደ ሆነ ገና አልተለየም። ስለዚህ ሆድን በማጠብ ፓርኪንሰንን እፈውሳለሁ የሚል ቢመጣ አትመኑት። የሆድ ድርቀት ያለበት ሁሉም ፓርኪንሰን ይይዘዋል ማለት አይደለም፤ የውኃና የአትክልት ማነስም ሆድን ያደርቃል።

ሆድ ግን በሌላ መንገድ በእርግጥ ያገባዋል። ለዚህ ሕመም ዋነኛው መድኃኒት ሌቮዶፓ ነው፤ ወደ ደም የሚገባውም ከትንሹ አንጀት ነው። ጨጓራ ሲዘገይ መድኃኒቱም ይዘገያል። ሥጋ፣ ዕንቁላል፣ ወተትና ባቄላ በያዙት ፕሮቲን ከመድኃኒቱ ጋር በአንጀት ይሻማሉ። ስለዚህ ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒቱ ከምግብ በፊት ግማሽ ሰዓት ያህል ቀድሞ እንዲወሰድ ይመክራሉ። ባቄላ በራሱ ሌቮዶፓ አለው፤ መጠኑ ግን ስለማይታወቅ በመድኃኒት ምትክ ሊወሰድ አይገባም። በየጓሯችን ያለው ጎመንና በቂ ውኃ የሆድ ድርቀትን ያቀላሉ። የይርጋ ጨፌ ቡናችንንም በተመለከተ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. በሃዋይ በተደረገ ጥናት ቡና በሚጠጡ ወንዶች ላይ ሕመሙ አነስ ብሎ ታይቷል፤ ይህ ግን ቡና መድኃኒት መሆኑን አያረጋግጥም።

አባቶቼ፤ ይህ ነገር ወደ እናንተ የሚደርሰው በሁለት በር ነው። አንደኛው ጾም ነው። ውኃ ሳይቀምስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ሕመምተኛ ድርቀቱ ይብስበታል፣ የመድኃኒቱ ሰዓትም ይዛባል። ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው በንስሐ አባቱ በኩል ፈቃድ እንደምትሰጥ ሕመምተኛው ከእናንተ ይስማ፤ ሳይጠየቁ ቀድሞ መንገር ከኅሊና ወቀሳ ያድነዋል። ቅዱስ ጳውሎስም ስለ ጢሞቴዎስ የሆድ ሕመም ምክር ሰጥቶት ነበር።

ሁለተኛው ጸበል ነው። ሕመምተኛው ለሱባኤ ሲገባ መድኃኒቱን በድንገት ቢያቋርጥ ሰውነቱ ይደርቃል፤ ሕይወቱም ለአደጋ ሊጋለጥ ይችላል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጸበል አብረው መሄድ እንደሚችሉ ማስተማራቸው ይታወሳል። ለዚህም ሕመም ያው ነው። መጽሐፈ ሲራክ ሐኪምን እንድናከብር፣ መድኃኒትንም እግዚአብሔር ከምድር እንዳወጣ ያስተምረናል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሰበካ ጉባኤ አራት ነገሮችን እንዲያስብ እጠይቃለሁ፤

1. እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም እርምጃው የዘገየ ምእመን ሲታይ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያም በዲላ ወደሚገኘው የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እንዲሄድ ማገዝ፤
2. ለመድኃኒትና ለመንገድ አቅም ላጣ ከምግባረ ሠናይ ገንዘብ መመደብ፤
3. በቤት ለቀሩት ጠያቂ መመደብ፣ የመድኃኒታቸውንም ሰዓት ማስታወስ፤
4. በወይዘሮ ክብራ ከበደ መሥራችነት በአዲስ አበባ ከተቋቋመው የፓርኪንሰን ሕሙማን ድጋፍ ድርጅት ጋር መገናኘት።

በወንጌል እንደምናነበው ሽባውን ወደ ጌታ ያደረሱት አራት ሰዎች ናቸው፤ በሩ በሕዝብ ቢዘጋ ጣሪያውን ነደሉ። ጌታችንም የተሸካሚዎቹን እምነት ተመለከተ። በአጥቢያችን ያለው ሕመምተኛም ተሸካሚዎቹን ይጠብቃል።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።