የጃፓንኛ ግሥ እርባታና የፊደላችን ዝምታ



ጃፓንኛ መማር የጀመረ አማርኛ ተናጋሪ ገና በመግቢያው የሚያጽናናው ነገር ያገኛል። ግሡ እንደኛው በዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ይቀመጣል፤ ከዚህም በላይ እኔ፣ አንተ፣ እርሷ እያለ አይረባም። «ታቤቴ» በልቼም፣ በልተህም፣ በልታም ነው። ቦዝ አንቀጻችንን ለሚያውቅ ሰው «ታቤቴ ኢኪማሺታ» ማለት «በልቼ ሄድሁ» መሆኑ ብዙ ማብራሪያ አይሻም። ከደንቡ ፈጽመው የወጡት «ሱሩ»ና «ኩሩ» ናቸው፤ እነርሱን በቃል ማጥናት ነው።

ችግሩ የሚነሣው ከሌላ ስፍራ ነው። ጃፓኖች በሂራጋና «ኪሩ» ብለው የሚጽፏቸው ሁለት ግሦች አሉ፤ አንዱ መቁረጥ፣ ሌላው መልበስ ነው። «ቆርጦ» ለማለት «ኪቴ» ሲባል «ቴ» ጠብቃ ትነበባለች፤ «ለብሶ» ለማለት ግን ላልታ። ጃፓኖች ለማጥበቂያው ትንሽ «ጹ» ይጽፋሉ፤ የኛ ፊደል ሁለቱንም በአንድ መልክ ያልፋቸዋል። እንግዲህ ደብተሩን በፊደል የሚሞላ ተማሪ (ይህን ልማድ ጨርሶ መከልከል የሚሹ አሉ፤ እኔ አልስማማም) ጆሮው የለየውን እጁ ያጠፋበታል። ጆሮውማ «አለ» ሲላላና ሲጠብቅ የሚሰጠውን ሁለት ፍች ለይቶ ያደገ ነው! ስለዚህ ሂራጋናን እስኪለምድ ድረስ በሚጠብቀው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያኑር።

በ«ሩ» የሚያልቅ ግሥ ሲያጠራጥረው ደግሞ አሉታውን ይጠይቅ። «ኪራናይ» የሚለው፣ አልቆርጥም ማለት ነው፣ ይጠብቃል፤ «ኪናይ» የሚለው፣ አልለብስም ማለት ነው፣ ይላላል። መመለስና መለወጥ የሚሉት ሁለቱ «ካኤሩ»ዎችም በዚሁ መንገድ፣ በ«ካኤራናይ»ና በ«ካኤናይ» ይለያሉ።