የበር ቁልፍና የመድን አረቦን

አቅራቢት፦ በአሜሪካ ባንኮች ለቤት መግዣ ሲያበድሩ የቤት መድን እንዲገባ ስለሚጠይቁ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ቤት የገዙ ኢትዮጵያውያንም አረቦን፣ ማለትም ለመድን ሽፋን የሚከፈለውን ገንዘብ፣ በየዓመቱ ይከፍላሉ፤ ይህ ክፍያ ታዲያ በበር ቁልፍ ሊቀንስ ይችላል።

አቅራቢ፦ ይችላል፤ ግን በስንት?

አቅራቢት፦ ብዙ ኩባንያዎች ለጭስ ጠቋሚ፣ ለሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል ወይም ለዴድቦልት፣ ይኸውም ብረቱ መቃኑ ውስጥ ጠልቆ ለሚገባው ቁልፍ፣ 5 በመቶ ያህል ይቀንሳሉ፤ ከክትትል ጣቢያ ጋር የተገናኘ ደወልና የእሳት ማጥፊያ ውሃ መርጫ አንድ ላይ ሲኖሩ ደግሞ ቅናሹ 15 ወይም 20 በመቶ የሚደርስበት ጊዜ አለ።

አቅራቢ፦ ስሌቱ ግን መታየት አለበት፤ አረቦኑ በዓመት 2000 ዶላር ቢሆን 5 በመቶው 100 ዶላር ብቻ ሲሆን፣ ለክትትሉ በወር 30 ዶላር የሚከፍል ባለቤት በዓመት 360 ዶላር ያወጣል።

አቅራቢት፦ እውነት ነው፤ ለቅናሽ ብቻ ተብሎ የሚገባ ደወል ያከስራል። ዴድቦልት ግን አንዴ ተገዝቶ ያበቃል፤ ሆኖም የቁልፉ ምላስ የሚገባበት የመቃን ብረት በአጫጭር ብሎኖች ከታሰረ በርግጫ ሊገነጠል ስለሚችል፣ 3 ኢንች በሚረዝሙ ብሎኖች ከግድግዳው ቋሚ እንጨት ጋር መያያዝ ይኖርበታል።

አቅራቢ፦ ካሜራስ?

አቅራቢት፦ ማንም የማይከታተለው ካሜራ ብቻውን ብዙ ጊዜ ቅናሽ አያስገኝም።

አቅራቢ፦ እንግዲያው ኩባንያው የትኛውን መሣሪያ እንደሚቀበል ከግዢ በፊት መጠየቅ፣ ከተገጠመ በኋላም የማረጋገጫ ወረቀቱን መላክ ያስፈልጋል።