በሐዋሳ ውስጥ ዋሳ



የዛሬው ንግግራችን ስለ ምግብ ነው። ነገር ግን የሚበላው በአፍ ሳይሆን በጆሮ ስለ ሆነ፣ ምሳችሁን የበላችሁም ብትሆኑ ቦታ አይጠብባችሁም።

አባቶቻችን ሁለት ፍች ያለውን ቃል ኅብረ ቃል፣ የላዩን ፍች ሰም፣ የውስጡን ወርቅ ብለው ሰይመውታል። በገበታችን ዙሪያም እንዲህ ያለው ቃል ሞልቷል። እንጀራ የሚጋገር ነው፤ መተዳደሪያም ነው። ስለዚህ እንጀራ ፍለጋ የወጣ ሰው ወደ ገበያ ይሂድ ወደ መሥሪያ ቤት አይታወቅም። «አሠራራችን ወጥ ይሁን» የሚል ደብዳቤ ሲተላለፍም፣ ጸሐፊው አንድ ዓይነትነትን ሲያስብ የክበቡ ወጥ ሠሪ ሽንኩርት መክተፍ ይጀምራል።

የጤፍ እንጀራ ዓይኑ ሲበዛ ይመሰገናል። ያን ሁሉ ዓይን ይዞ ግን የሚበላውን አያይም። እንጀራስ ይቅርታ ይደረግለት፤ ሁለት ዓይን ይዞ ጉቦ የሚበላውን የማያይ ተቆጣጣሪ ግን ምን ምክንያት ያቀርባል?

ይህ በጤፍ ምጣድ የተጋገረው ቅኔ ነው። የሲዳማ ክልል መዲና ሐዋሳ ደግሞ የራስዋ አላት። የከተማይቱ ስም ቀድሞ በብዙ ጽሑፍ «አዋሳ» ተብሎ ይጻፍ ነበር። የፊተኛውን ፊደል ብታነሡ ዋሳ ይቀራል፤ የመካከለኛውን ብታነሡ፣ የሆሄ ሊቃውንት በዓይኑ ዓ እና በንጉሡ ሣ ይጻፍ ብለው ካልከሰሱን በቀር፣ አሳ ይቀራል። ይህ ለጆሮ ጨዋታ እንጂ ለስሙ አመጣጥ ማስረጃ አይደለም። ሆኖም ሁለቱም በከተማይቱ ይገኛሉ። ዓሣው ከሐይቁ ወጥቶ በአሞራ ገደል ይሸጣል። ዋሳም በሲዳምኛ ከእንሰት የሚዘጋጀው፣ በአማርኛ ቆጮ የምንለው ምግብ ነው።

እንሰቱ ተፍቆ በጉድጓድ ይቀበርና ይብላላል፤ ኋላም ወጥቶ ይጋገራል። በመሥሪያ ቤታችንም መሳቢያ ውስጥ የተቀበረ ጉዳይ «እየተብላላ ነው» ይባላል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ የተብላላው ዋሳ ባለቤቱን ያበላል፣ የተብላላው ጉዳይ ግን ባለጉዳዩን ያስርባል።

በሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ በፊቼ ጨምበላላ፣ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የሚሠራው ቡርሳሜ በአንድነት ይበላል። ዩኔስኮ ይህን በዓል በ2008 ዓ.ም. በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። እንግዲህ ቡርሳሜ በቀረበበት ቤት «ቦርሳዬ» ብሎ መደባበስ አያስፈልግም ማለት ነው።

ከሌላ አገር ወደዚህች ከተማ ተዛውራችሁ የምትሠሩ ወገኖች ሆይ፤ አንድ ነገር ላሳስብ። በምግብ ላይ የሚነገር ቀልድ ሁለት ዓይነት ነው፤ ሆድ የሚሞላና ሆድ የሚያስብስ። ደግ ቅኔ ጉቦኛውንና ሰነፉን ይወጋል፤ ክፉው ግን የጎረቤትን መሶብ ይወጋል። አንድ ሰው «ይህም ምግብ ሆኖ?» ብሎ በዋሳ የሳቀ ጊዜ የሚዋረደው ዋሳው ብቻ አይደለም፤ ተክላ፣ ፍቃ፣ ጋግራ ልጆችዋን ያሳደገችው እናት ጭምር ናት። ስለዚህ በዋሳ ከመቀለዳችሁ በፊት ቅመሱት፤ በአፍ ውስጥ ጉርሻ ያለ እንደ ሆነ ክፉ ቃል መውጫ አያገኝም።

ቀልድ እንደ እርሾ ነው። ጥቂቱ ሊጡን ያነሣል፤ ሲበዛ ያኮመጥጣል። የእኔም ሳይኮመጥጥ እዚህ ላይ ላብቃ።