ጥፋቱ ሁልጊዜ የስልኩ አይደለም

ከቤተል እስከ አየር ጤና፣ አዲስ ስልክ ገዝቶ ጥሪ በመጣ ቁጥር ኢንተርኔቱ የሚቋረጥበት ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ስልኩን ነው። ምክንያቱ ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ቦታ ነው። በ2007 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የአራተኛ ትውልድ ኔትወርክ በመሠረቱ የተነደፈው መረጃ ለማመላለስ ነው። ድምፅ በዚያው መንገድ እንዲሄድ ኔትወርኩም ስልኩም የተለየ አሠራር ሊኖራቸው ይገባል፤ አንዱ ከጎደለው ስልኩ ለጥሪው ወደ ቀድሞው ኔትወርክ ይወርዳል፣ ኢንተርኔቱም ይዘገያል ወይም ይቆማል። በግንቦት 2014 ሙከራው የተጀመረው አምስተኛ ትውልድ ደግሞ ከፍ ያለ ሞገድ ሲጠቀም በግድግዳ ቶሎ ይዳከማል። ቆርቆሮ ጣሪያና ወፍራም ኮንክሪት ባለበት ሰፈር፣ በረንዳ ላይ የሚፈጥን ስልክ ጓዳ ውስጥ ቢያዘግም አይገርምም።

«ሙሉ ዋጋ ከፍዬ ለምን ጉድለት እችላለሁ?» የሚል አለ። ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ትዕግሥት የሚገባው ጉድለትና የማይገባው ጉድለት አለ። ማማ ተተክሎ እስኪዳረስ ጊዜ ይወስዳል፤ ይህን መታገሥ ይቻላል። ስልኩ በእኛ አገር ሞገድ እንደሚሠራና እንደማይሠራ ለገዢው ሳይነግሩ መሸጥ ግን የቴክኖሎጂ ጅማሬ ጉድለት አይደለም፤ ይህ በአንድ ቀን ሊታረም ይችላል። «ገዢው ራሱ ይጠይቅ» የሚሉም አሉ። የሞገድ ቁጥር ለማያነብ እናት ግን ይህ መልስ አይሆንም፤ ሻጩ ሲም ካርዷን አስገብቶ፣ ደውሎ፣ ኢንተርኔቱንም ከፍቶ ያሳያት።