ጂን፣ ቮድካ እና የእኛ አረቄ
(በቢቸናና በሞጣ አባላት የጋራ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)



ባለፈው ጥር በአንድ ሰርግ ቤት ሁለት ጠርሙስ ቀርቦ ነበር፤ አንዱ ጂን፣ አንዱ ቮድካ። ሁለቱም እንደ ምንጭ ውሃ የጠሩ ናቸው። አንዲት አባላችን «ልዩነታቸው ምንድን ነው?» ብላ ብትጠይቅ መልስ ያለው ሰው ጠፋ። እኔም ጠይቄና አንብቤ መጣሁ። ነገሩ የመጠጥ ወሬ ብቻ አይደለም። ከመካከላችን አረቄ አውጥታ ልጆች የምታሳድግ ብዙ ናት።

ሁለቱም እንደ አረቄያችን ተጠንስሰው፣ በእሳት ሲፈሉ ከሚወጣው እንፋሎት የሚገኙ ናቸው። አልኮል ከውሃ ቀድሞ ስለሚተን እንፋሎቱ ሲቀዘቅዝ ጠንካራው መጠጥ ይጠራቀማል። መነሻው እህል፣ ድንች ወይም ከስኳር ምርት የሚተርፈው ሞላሰስ ሊሆን ይችላል።

ለቮድካ አልኮሉ የእህሉ ሽታ እስኪጠፋ ድረስ ደጋግሞ ይጣራል፤ ከዚያ በውሃ ይቀጥናል። ስሙም በሩሲያኛ ውሃ ከሚለው ቃል የመጣ ነው። ለጂን ደግሞ ያው ሽታ የሌለው አልኮል በጥድ ፍሬ ይቀመማል። ድንብላል፣ የሎሚ ወይም የብርቱካን ልጣጭም ይጨመርበታል። ሁለቱም የተነጠረ ቅቤ ናቸው ብንል፣ ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ጂኑ ነው። አደራ፣ የጂን ጥድ የፈረንጅ አገር ዓይነት ነው። ከቤተ ክርስቲያናችን ግቢ ካለው ጥድ ፍሬ ለቅማችሁ እንዳትሞክሩት።

የእኛ አረቄ ከሁለቱም ይለያል። የብቅሉ፣ የጌሾውና የጭሱ ጠረን አብሮት ይወጣል። ዳግም የምንለው ሁለተኛ የወጣው ስለሆነ በጥንካሬው ከተራው ይበልጣል። ትልቁ ልዩነት ግን ሌላ ቦታ ነው። በጂኑና በቮድካው ጠርሙስ ላይ ቁጥር ተጽፏል፤ ብዙ ጊዜ 40 በመቶ ገደማ ነው። በእኛ ጀሪካን ላይ ምንም የለም። ተራና ዳግም በብርጭቆ ሲቀዱ ዓይን አይለያቸውም።

እኔን ያስተማረኝ የእናቴ አረቄ ነው። ወንድሜን ያጣሁትም በአረቄ ነው፤ ተራ ነው ተብሎ የተቀዳለት ዳግም ነበር። ስለዚህ ይህን የምናገረው ልፈርድባችሁ አይደለም።

ከእኛ በፊት ይህ የደረሰባቸው አሉ። እ.ኤ.አ. በ1700ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ በለንደን ጂን እጅግ ረክሶ ነበር። በየመንገዱ ከሚቸረችሩት ብዙዎቹ ድሆች ሴቶች ነበሩ። መንግሥት በ1736 ከባድ የፈቃድ ክፍያ ቢጥል ንግዱ ተደብቆ ቀጠለ። በ1751 የወጣው ሕግ የሚሸጥበትን ቦታ ሲቆጣጠር ግን መጠጡ እየቀነሰ ሄደ። ያን ሁሉ ቤት ያፈረሰው የጥዱ ፍሬ አልነበረም፤ ርካሽነቱና ልክ ማጣቱ ነው።

ስለዚህ አራት ነገር ልለምናችሁ።

አንደኛ፣ ተራውንና ዳግሙን በተለያየ ዕቃ አስቀምጡ፤ ለገዢም የትኛው እንደሆነ ንገሩ።

ሁለተኛ፣ ሲወጣ መጀመሪያ የሚንጠባጠበውን፣ አፍንጫ የሚሰነፍጠውን ድፉት።

ሦስተኛ፣ ለማጠንከር ብላችሁ የተገዛ አልኮል በጭራሽ አትጨምሩ። ሜታኖል ካለበት ዓይን ያሳውራል፣ ይገድላልም። ሽታውም ጣዕሙም ከሚጠጣው አልኮል ስለማይለይ በመቅመስ አይታወቅም። ከጠጣ በኋላ ዓይኑ የደበዘዘበት ሰው ካለ ሳታድሩ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።

አራተኛ፣ ለነፍሰ ጡርና ለልጅ አትቅዱ። ጂንም ቮድካም አረቄም ለፅንስ አንድ ናቸው።

በመጨረሻ አንድ ሐሳብ አለኝ። በመጠጡ ውስጥ ተንሳፎ ጥንካሬውን በቁጥር የሚያሳይ የመስታወት መለኪያ አለ። ከቁጠባ ሳጥናችን አንድ ለቢቸና፣ አንድ ለሞጣ እንግዛ። የምታወጣ ሁሉ ለክታ ቁጥሩን በጀሪካኗ ላይ ትጻፍ። አረቄውን ትታ ወደ ዶሮ ወይም ወደ በግ ማድለብ መዞር ለምትፈልግም የብድሩ ተራ ይቅደምላት። በሚቀጥለው ስብሰባ እንድትወስኑበት ትቼዋለሁ።